እጀታው ወደ ኋላ ሲሸሽ፦ የአሮጌና የአዲስ ሪል ብልሽቶች ከነመፍትሄያቸው

ይህ ጽሑፍ የዓሣ ማጥመጃ ሪል (ክሩን በእጀታ የሚጠቀልለውን መሣሪያ) ፈትቶ መልሶ መግጠም ለሚችል ሰው የተዘጋጀ በመሆኑ ክር አጠማጠምንና የዘወትር ጽዳትን አያስተምርም። የሚመለከተው በፈረንሳይዋ ክሉዝ ከተማ እንደተመረተው ሚቼል 300 ወይም በፊላደልፊያ እንደተሠሩት የፔን ሪሎች ያሉ አሮጌዎችና ዛሬ በየሱቁ የሚደረደሩት ባለብዙ ኩሽኔታ ሪሎች የሚበላሹበትን መንገድ ነው። አሮጌው አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ይቆማል፤ አዲሱ ግን እየዞረ ሥራውን ይተዋል። ይህን ስል ድሮ የተሠራ ሁሉ ጠንካራ ነበር ማለቴ አይደለም፤ የዚያ ዘመን ርካሽ ሪሎች ተሰብረው ከተጣሉ ስለቆዩ ዛሬ እጃችን የሚገቡት የተረፉት ብቻ ናቸው።

ምልክት፦ የአሮጌው ሪል እጀታ ከብዷል ወይም ጨርሶ አልዞር ብሏል

ምክንያቱ በአብዛኛው የተሰበረ ጥርስ ሳይሆን ለአሥርት ዓመታት ያልተነካ ግራሶ ነው፤ ዘይቱ ተለይቶ ሲወጣ ማርሾቹ ላይ የሚቀረው እንደ ሰም የጠጠረ ቡናማ ቅሪት ነው። እጀታውን በጉልበት አያዙሩ፤ ደህና የነበረው ጥርስ የሚሰበረው ያን ጊዜ ነው። የጎን ክዳኑን ይክፈቱ፣ ማርሾቹን አውጥተው በነጭ ጋዝ ይጠቡ፣ በሚገባ አድርቀው አዲስ ግራሶ በስሱ ይቀቡ። የክዳኑ ብሎን አልፈታ ካለ፣ ብሎኑና የአሉሚኒየሙ አካል በጨው ውሃ ተበላልተው ተጣብቀዋልና ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አንጠባጥበው ያሳድሩት። ከብሎኑ ስንጥቅ ጋር በልክ የማይገጥም ካቻቪቴ ፈጽሞ አይጠቀሙ።

ምልክት፦ የክር ማቀፊያው ሽቦ አይዘጋም

ሞላው ደክሟል። ይቀየር።

ምልክት፦ ፍሬኑ ዓሣ ሲጎትት አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል

የአሮጌዎቹ የፍሬን ሮንዴላዎች ከቆዳ ወይም ከተጠቀጠቀ ሱፍ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ሪሉ ፍሬኑ እንደጠበቀ ከተቀመጠ ይጨፈለቃሉ፤ በዚህ በኩል የዛሬው የካርቦን ሮንዴላ ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ልኩ የሚገጥም የካርቦን ሮንዴላ ከተገኘ ለአሮጌው ሪልም ይሆናል። በአንዳንድ አሮጌ ሪሎች ውስጥ አስቤስቶስ ያለበት ሮንዴላ ሊኖር ስለሚችል፣ ግራጫና ቃጫማ የሆነውን በብርጭቆ ወረቀት አይሹት፣ አቧራውንም በአፍዎ አይንፉት።

ምልክት፦ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ጠብቆም ክሩ ይወጣል

ፍሬኑን ከመፍታትዎ በፊት ክሩን እየጎተቱ ክሩ የተጠመጠመበትን ማጠንጠኛ ይመልከቱ። ማጠንጠኛው ሳይዞር ክሩ ብቻ ከወጣ፣ የተገመደው ክር በልሙጡ ብረት ላይ እየተንሸራተተ ነውና ፍሬኑ ምንም አልሆነም። ከሥሩ ጥቂት ሜትር ናይሎን ይጠምጥሙ።

ምልክት፦ የአዲሱ ሪል እጀታ ዓሣ ሲነክስ ወደ ኋላ ይሸሻል

ደጋግሞ ወደ እኔ የሚመጣው ይህ ነው። በአሮጌው ሪል ውስጥ እጀታው ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚያደርገው በሞላ እየተገፋ በጥርሶች መካከል የሚወድቅ የብረት ምላስ ነው። ምላሱ ጥርስ እስኪያገኝ ድረስ እጀታው ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ ስለዚህ አስተካክልልኝ ብሎ ማምጣት አያስፈልግም። አዲሶቹ ይህችን ትንሽ ክፍተት ለማስቀረት ባለአንድ አቅጣጫ ኩሽኔታ ይጠቀማሉ፤ በውስጡ ጥቃቅን ሲሊንደሮች በቀጫጭን ሞላዎች እየተገፉ በውጩ ቤትና በመሀሉ የብረት ቱቦ መካከል ይወተፋሉ። ሥራው የተመሠረተው በዚህ መወተፍ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ሲሊንደሮቹ በወፍራም ግራሶ ወይም በደረቀ ጨው ከተያዙ በጊዜው አይወተፉም፣ እጀታውም ይሸሻል።

አንድ ደንበኛ ሪሉ ደረቅ ድምፅ ሰጠ ብሎ ኩሽኔታውን በመኪና ጎማ ግራሶ ሞልቶት መጣ። ሌላው ከባሕር ሲመለስ ሪሉን ግፊት ባለው የውሃ ጎማ ያጥብ ስለነበር ጨውን እየገፋ ወደ ውስጥ ያስገባው ራሱ ውሃው ነበር፤ ሪል ፍሬኑ ተጠብቆ በቀስታ በሚፈስ ውሃ ይታጠባል እንጂ እንደ መኪና አይደለም። ሦስተኛው ኩሽኔታውን ራሱን ፈልቅቆ ሲሊንደሮቹን በላስቲክ ከረጢት አመጣቸው፣ አንዱም ጠፍቶ ነበር። ከሁሉ የሚያደናግረው ግን በሞቀ ቤት ደህና ሆኖ ውሃ ዳር በቀዝቃዛ ጧት የሚከዳው ነው፤ ቅዝቃዜ ቅባቱን ስለሚያወፍረው እንዲህ ያለውን ሪል ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት አቆይቶ መፈተን ያስፈልጋል።

መፍትሄው ኩሽኔታውን ሳይፈለቅቁ ከነቤቱ ማውጣት፣ በንጹሕ አልኮል ደጋግሞ ማጠብና በሚገባ ማድረቅ ነው። ሲወጣ የትኛው ጎኑ ወደ ላይ እንደነበረ ምልክት ያድርጉ፤ ተገልብጦ ከገባ እጀታው ወደ ፊት አይዞርም። ከዚያ አንድ ጠብታ ቀጭን የስፌት ማሽን ዘይት ይበቃል። ግራሶ በጭራሽ አይግባበት፤ ጥቂትም ቢሆን፣ አምራቹ የሸጠው ቢሆንም። የመሀሉን ቱቦ በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ የተፋቀ መስመር ከተሰማዎ ጽዳት አያድነውም፣ ቱቦው መቀየር አለበት።

እዚህ ላይ ነው የዕድሜው ልዩነት የሚታየው። የአሮጌውን ምላስ ያጠፋው ዘይት እጦት ከሆነ ታጥቦ ይመለሳል፣ ካለቀም ሚቼል 300 በሚሊዮኖች ስለተሸጠ ከሌላ አሮጌ ሪል ምላስ ማውጣት ይቻላል። የአዲሱ ቱቦ ግን ሞዴሉ ከገበያ ሲወጣ አብሮ ይጠፋል፣ ጥቂት ዓመት ብቻ ያገለገለ ሪልም ለአንዲት ትንሽ ብረት ሲባል ይጣላል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የኩሽኔታ ብዛት ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይነግርዎትም፤ ብዙ ርካሽ ኩሽኔታ ማለት ጨው የሚገባባቸው ብዙ ቦታዎች ማለት ነው።

ምልክት፦ አዲሱ ሪል ጭነት ሲበዛበት ያንገራግጫል

የፕላስቲክ አካሉ ሲጎብጥ ማርሾቹ ከመስመር ይወጣሉ። ጥገና የለውም፤ ከባድ ዓሣ በዚህ ሪል አይያዝ። ሪሉ ባዶውንም ሲዞር የሚያንገራግጭ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ከዚንክ የተሠራው ዋና ማርሽ ተበልቷልና ማርሹ ለብቻው መሸጥ አለመሸጡን ሳያረጋግጡ ለጥገና ገንዘብ አይክፈሉ።