የዋይፋይ አዳፕተርን በሥርዓቱ ማጥፋት

ደሴ ፒያሳ ውስጥ ወደምንሠራበት የጥገና ሱቅ ላፕቶፕ ይዘው ከሚመጡ ደንበኞች የምንሰማው የተለመደ ቅሬታ «ማታ ይሠራ ነበር፤ ጠዋት ስከፍተው ዋይፋዩ የለም» የሚል ነው። የዋይፋይ ካርዱ (አዳፕተሩ) ተቃጥሏል ብለው አዲስ ለመግዛት የተዘጋጁም አሉ። ሆኖም ካርዱ ደኅና ሆኖ ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም) የተበላሸ ሁኔታ ይዞ የሚያድርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ድራይቨር አዳፕተሩን ሲያጠፋ መጀመሪያ መረጃ መላክ ያቆማል፣ ራውተሩን ያሰናብታል፣ የጀመራቸውን ሥራዎችና ሰዓት ቆጣሪዎች ይሰርዛል፤ ኃይሉ የሚቋረጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኃይሉ ቀድሞ ከተቋረጠ ግን ድራይቨሩ ከሌለ ካርድ መልስ ይጠብቃል። ስለዚህ የዩኤስቢ አዳፕተር ከመንቀልዎ በፊት ዋይፋዩን ያጥፉ፤ ከዚያም የኮምፒውተሩን ዕቃዎች በሚዘረዝረው የዊንዶውስ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ «ዲስኤብል ዲቫይስ» የሚለውን ይምረጡ።

አስቸጋሪው «ፋስት ስታርትአፕ» ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የመጣው ይህ አሠራር «ሸት ዳውን» ሲባል የተጠቃሚውን ፕሮግራሞች ዘግቶ የሥርዓቱን እምብርት ከነድራይቨሮቹ በዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ጠዋት ደግሞ ያንኑ መልሶ ያነሣል። በመሆኑም ማታ የተደናገረ ድራይቨር ጠዋትም እንደተደናገረ ሊነሣ ይችላል፤ ኮምፒውተሩን ደጋግሞ አጥፍቶ ማብራትም ላይጠቅመው ይችላል። «ሪስታርት» ግን ድራይቨሩን ከባዶ ስለሚያስጀምር ሊፈታው ይችላል። ለአንድ ጊዜ ብቻ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ከፈለጉ የ«ሺፍት» ቁልፍን ተጭነው «ሸት ዳውን» ይበሉ። በቋሚነት ለመተው በ«ኮንትሮል ፓነል» ወደ «ፓወር ኦፕሽንስ» ገብተው የማብሪያ ቁልፎችን ተግባር ከሚወስነው ገጽ ላይ የ«ፋስት ስታርትአፕ»ን ምልክት ያንሡ። ፈጣን ዲስክ ላለው ኮምፒውተር የሚያተርፈው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት ቢቀር ይሻላል።

ዴስክቶፕ ከጠፋም በኋላ ከሶኬት እስካልተነቀለ ድረስ ተጠባባቂ ኃይል ስለሚደርሰው ካርዱ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። ገመዱን ነቅለው የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ መብራት ሲቆራረጥ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) የሚሠራ ሰው መብራቱ እንደመጣ ወዲያው ባያበራ መልካም ነው።

ይህ ሁሉ ካልረዳ አዳፕተሩን ከ«ዲቫይስ ማኔጀር» ላይ «አንኢንስቶል» አድርገው «ሪስታርት» ያድርጉ። ድራይቨሩንም አብሮ ልሰርዝ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ግን ምልክት አያድርጉ፤ ከተሰረዘ አዲሱን ለማውረድ የሞባይል ዳታ በዩኤስቢ ገመድ ማጋራት ሊያስፈልግዎት ነው።