አንዲት ሐማት ሞት ይዛችሁ ሶፍትዌሩን ፈትኑት

የቅርስ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሊያስተዋውቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ በስክሪኑ ላይ የሚያሳየኝ አንድ ማሰሮ ነው። አንድ ስም፣ አንድ ዓመት፣ አንድ መደርደሪያ፤ ማሰሮው በየሳጥኑ ልክክ ብሎ ይገባል። እኔ በሐረር ጀጎል ውስጥ ባለች ትንሽ ሙዚየም መዝጋቢ ነኝ፤ ማሰሮ አስቸግሮኝ አያውቅም። ስለዚህ ሻጭ ይምጣ ወይም ነጻ ፕሮግራም የሚጭንልን ወጣት፣ ከዕቃ ቤት ሐማት ሞት የምትባል አንዲት የሐረሪ ስፌት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና «እስቲ ይህችን መዝግብልኝ» እለዋለሁ። እናንተም ገንዘብ ከመክፈላችሁ ወይም የመጀመሪያውን ቅርስ ከማስገባታችሁ በፊት ይህንኑ አድርጉ። የምትመርጡት ዕቃ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግራችሁን ይሁን።

ከቁጥሩ ጀምሩ። የመዝገብ ቁጥር ብዙ ጊዜ ሦስት ክፍል አለው፦ ዕቃው የገባበት ዓመት፣ በዓመቱ ስንተኛው ርክክብ እንደሆነ፣ በርክክቡ ውስጥ ስንተኛው ዕቃ እንደሆነ። 2009.4.2 እና 2009.4.10 የሚሉ ሁለት መዝገቦች አስገቡና ዝርዝሩን በቁጥር ደርድሩት። አሥረኛው ከሁለተኛው ቀድሞ ከመጣ ፕሮግራሙ ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ እያነበበው ነውና 2009.04.002 እያላችሁ በዜሮ ሙሉት። ዓመቱ የእኛ አቆጣጠር ይሁን የአውሮፓውያን በመጀመሪያው ቀን ወስናችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የእኛዋ ሐማት ሞት ክዳን ስላላት ቁጥሯ ላይ «ሀ» ለስፌቷ፣ «ለ» ለክዳኗ ይጨመራል። ፕሮግራሙ ሁለቱን ከአንድ እናት መዝገብ ሥር ማሰር መቻል አለበት፤ ካልቻለ ክዳኑ ለጥገና በወጣ ቀን ስክሪኑ ስፌቷም አብራ እንደወጣች ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ስሟ። በጌይ ሲናን፣ ማለት በሐረሪ ቋንቋ፣ ሞት ማለት ስፌት ነው፤ ሐማት ሞት የአማት ስፌት እንደ ማለት ነው። አንድ አዲስ የተቀጠረ ወጣት ይህን አያውቅም ነበር። ዝርዝሩን ሲያይ «ሐማት ሞት» የሚለውን የአማት መሞት አድርጎ አነበበውና የሆነ ሰው የቀለደ መሰለው። አጠፋው፤ በምትኩ «መሶብ» ብሎ ጻፈ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ስድስት አማቶች አነሳልን። አልተቆጣሁትም፣ ቅን ልጅ ነው። ጥፋቱ የስም ሳጥኑን ለማንም ክፍት ያደረግነው የእኛ ነው።

ለዚህ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው ዋና ስምና ሌሎች ስሞች ለየብቻ የሚጻፉባቸው ሳጥኖች ናቸው። ኮሌክቲቭ አክሰስ የተባለው ነጻ የቅርስ መመዝገቢያ ፕሮግራም ለምሳሌ ሁለቱን ለይቶ ይይዛል፣ ለእያንዳንዱም ስም ቋንቋውን ለመጠቆም ያስችላል። ሐማት ሞት ዋና ስም፣ «የአማት ስፌት» ሌላ ስም ይሆናል። ሁለተኛው ስሙ በእጅ ሳይጻፍ ከተዘጋጀ ዝርዝር የሚመረጥበት መንገድ ነው። ሦስት ፊደል ስትጽፉ ቀሪውን የሚያመጣላችሁ ዝርዝር ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። አዲስ ቃል ወደ ዝርዝሩ የመጨመር ፈቃድ ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጥ። ሰው ይነጫነጫል፤ ይነጫነጭ።

ፍለጋው ላይ ደግሞ ፊደላችን ራሱ ይፈትናችኋል። በፍለጋው ሳጥን «ሐረር»፣ ቀጥሎ «ሀረር»፣ ቀጥሎ «ሃረር» ብላችሁ ጻፉ። ውጤቱ ሦስት ዓይነት ቁጥር ከሆነ ፕሮግራሙ የአማርኛን ሞክሼ ፊደላት አያውቅም ማለት ነው፤ እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ አያውቁም። «ዕቃ» እና «እቃ»፣ «ሥዕል» እና «ስእል» እንዲሁ ይለያዩበታል። የኮምፒውተር ባለሙያ ካላችሁ ፍለጋው ሞክሼዎቹን እንደ አንድ እንዲቆጥር ያስተካክልላችሁ። ከሌላችሁ አንድ አጻጻፍ ምረጡና ሌሎቹን በ«ሌሎች ስሞች» ሳጥን ውስጥ ደርድሯቸው። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ግን አንድ ጊዜ ነው።

የዘመን ሳጥኑ ከሁሉ ያስቸገረኝ ነው። በሐረር የእጅ ጽሑፎች መጨረሻ የሚገኘው ዓመት የሂጅራ ነው። አንድ ጽሑፍ «1300» ቢል ያ ዓመት የጀመረው በእኛ ኅዳር 1875፣ በአውሮፓውያን ደግሞ ኖቬምበር 1882 ነው፤ ሐረር በግብፆች እጅ በነበረችበት ጊዜ ማለት ነው። መዝጋቢው ግን 1300ን እንዳለ ከጻፈው፣ ስክሪኑ የእጅ ጽሑፉን አምስት መቶ ሰባ አምስት ዓመት ያህል ያስረጀዋል፤ ጎብኚውም የሐረር ገዢ የነበሩት አሚር ኑር የጀጎልን ግንብ ሳያሠሩ በፊት የተጻፈ ነው ብሎ ይደነቃል። ስለዚህ ሦስት ሳጥን ጠይቁ። በመጀመሪያው ጽሑፉ ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ ከነአቆጣጠሩ ጻፉ፤ በቀሩት ሁለቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከዚህ ዓመት በፊት አይሆንም፣ ከዚህ ዓመት በኋላ አይሆንም የምትሉትን ቁጥር አስገቡ። ፕሮግራሙ ለመደርደር የሚጠቀመው በሁለቱ ነው፤ ሰው የሚያነበው የመጀመሪያውን ነው። የኛ ስፌት ዓመት የላትም። ፕሮግራሙ ባዶውን ሳጥን ካልተቀበለና «የግድ ይሞላ» ካለ ሰው ቁጥር መፍጠር ይጀምራል፤ ያን ግዴታ አስነሡት።

ለቦታው ደግሞ ግቢ፣ ክፍል፣ መደርደሪያ፣ ረድፍ እያለ እንደ ዛፍ የሚወርድ ዝርዝር ያስፈልጋል። እኛ የምናሳየው በጥንታዊ የሐረሪ ቤት ውስጥ ስለሆነ ከዝርዝራችን አንዱ ቦታ «አሚር ነደባ» የሚባለው የቤቱ መደብ ነው፤ «መደርደሪያ 3» ብንለው ማንም አያገኘውም። የብሪታንያው ስፔክትረም የተባለ የሙዚየም አሠራር መስፈርት ቦታንና እንቅስቃሴን መከታተልን ከዘጠኙ ዋና ሥራዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ዕቃ ሲዛወር አዲሱ ቦታ አሮጌውን አጥፍቶ መተካት የለበትም፤ ማን፣ መቼ፣ ከየት ወደ የት እንዳዛወረ ከሥር ይታይ።

ፎቶው ላይ ብዙ አልልም፦ የፋይሉ ስም የመዝገብ ቁጥሩ ይሁን። ግን ዝርዝሩን ወደ ትናንሽ ሥዕሎች የሚቀይረውን እይታ ፈልጉ። ስፌት የሚያውቁ እናቶች ሲመጡ ስክሪኑን ወደ እነሱ አዙሬ ያንን እከፍታለሁ። እነሱ በጣታቸው እየጠቆሙ ስም ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ አንዳንዴም እርስ በርስ ይከራከራሉ፣ ክርክራቸውንም እጽፋለሁ።

ብዙ መዝገብ በአንድ ጊዜ የሚያርመውን ቁልፍ ፍሩት። እኔ አንድ ጊዜ በገጹ ላይ የማያቸውን ሃያ ስፌቶች ብቻ የመረጥሁ መስሎኝ የፍለጋውን ውጤት በሙሉ ወደ አንድ ሣጥን «አዛወርኋቸው»። ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ስንት መዝገብ ሊነካ እንደሆነ በቁጥር የሚነግራችሁ ፕሮግራም ምረጡ። ያዳነኝ የለውጥ ታሪክ የሚባለው መስኮት ነው፤ የቀድሞውን ጽሑፍ፣ አዲሱን፣ ሰዓቱንና የሠራተኛውን መለያ ያሳያል። ስድስቱን አማቶችም የመለስናቸው ከዚያው አንብበን ነው። ይህ መስኮት እንዲሠራ ግን ሁሉም በየራሱ የይለፍ ቃል መግባት አለበት፤ በአንድ የጋራ ስም የሚገባ መሥሪያ ቤት ማን ምን እንደሠራ አያውቅም።

በመጨረሻ ያስገባችሁትን አውጡት። ሐማት ሞትን ጨምራችሁ አሥር መዝገቦችን በሲ.ኤስ.ቪ ፋይል (ሠንጠረዡን በተራ ጽሑፍ በሚይዝ ፋይል) አውርዱና በሌላ ኮምፒውተር ክፈቷቸው። ፊደሉ እንግዳ ምልክት ሆኖ ከመጣ ፋይሉን ስትከፍቱ ከፊደል አነባበብ ምርጫዎቹ ዩ.ቲ.ኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ፤ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ አሮጌ ዝርዝር ካላችሁ ግን በዚህ አይድንም። የእኛን ከፊሉን እንደገና በእጃችን ጻፍነው። ፋይሉ ደህና ሆኖ ከተከፈተ ክዳኗን ፈልጉ፤ «ለ» የሚለው መስመር ከእናቱ ቁጥር ጋር ወጥቶ እንደሆነ እዩ። ካልወጣ ሻጩ ገና ጠረጴዛው አጠገብ ስላለ አሁኑኑ ጠይቁት።