በእርግዝና ስኳር ታይቶብሽ ነበር? ከወለድሽ በኋላ ምርመራውን እንዴት ታደርጊያለሽ

ወሎ ውስጥ አራስ ጥየቃ የገባ ሰው የሚቀርብለትን ያውቃል፤ መሃሉ ላይ ቅቤ የተኛበት ገንፎ፣ በማር የጣፈጠ አጥሚት፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚዘልቅ ቡና። ስለ አራሷ ስኳር የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። እሷም ብትሆን «ስገላገል ስኳሩም አብሮ ለቀቀኝ» ብላ ረስታዋለች።

ግማሹ እውነት ነው። በእርግዝና ጊዜ የእንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች፣ የደምን ስኳር ዝቅ የሚያደርገው ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጉታል። ቆሽት ያንን የሚያካክስ ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቅተው ስኳሩ ከፍ ይላል። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ሆርሞኑ ይሄዳል፤ የቆሽቱ አቅም ማነስ ግን ሊቀር ይችላል። በ2020 እ.ኤ.አ. ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሴቶችን ያካተቱ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ በእርግዝና ስኳር የታየባቸው ሴቶች በኋላ ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኝቷል።

መጀመሪያ ቀኑን ቁረጪ። ምርመራው የሚደረገው ከወሊድ በኋላ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በበኩሌ ከልጁ የ45 ቀን ክትባት ጋር ማያያዙን እመርጣለሁ፤ ያን ቀን የሚረሳ ቤት የለምና። የእርግዝና ክትትል ካርድሽን ያዢና ለባለሙያዋ «ነፍሰ ጡር ሳለሁ ስኳር ነበረብኝ» በያት። ካልነገርሻት ላትጠይቅሽ ትችላለች። ጤና ጣቢያው ምርመራውን የማይሠራ ከሆነ ወደ ሆስፒታል እንድትጽፍልሽ ጠይቂ።

ከዚያ በፊት ያሉትን 3 ቀናት እንደወትሮሽ ብዪ። ውጤቱ እንዲያምር ብሎ እንጀራ መቀነስ ምርመራውን ያዛባዋል። በዋዜማው እራትሽን በልተሽ ቢያንስ 8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም አትቅመሺ። ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ከኩታበር በኩል ጎህ ሳይቀድ የተነሳች አንዲት እናት አውቃለሁ፤ አማቷ «አራስ ባዶ ሆዷን መንገድ አትወጣም» ብለው አንድ ጣሳ በሶ አጠጧት። ደሴ ደርሳ ስትናገር ምርመራው ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ስለዚህ ለአማትሽ በዋዜማው አስረጂያቸው፤ በሶውንም በእቃ ቋጥረሽ ያዢው፣ ምርመራው ሲያልቅ ትበዪዋለሽ።

ስትደርሺ ዳገት ወጥተሽ ከሆነ ትንሽ አረፍ በዪ። መጀመሪያ በባዶ ሆድሽ ደም ይወሰዳል። ቀጥሎ 75 ግራም ግሉኮስ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ተበጥብጦ ይሰጥሻል፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ጠጥተሽ ጨርሺው። ጣፋጭነቱ ጉሮሮ ይይዛል፣ ያቅለሸልሻል። ካስመለሰሽ ዝም አትበዪ፣ ተናገሪ፤ ያን ቀን ውጤቱ አይታመንም። ከጠጣሽ በኋላ 2 ሰዓት ትቀመጫለሽ፤ ምግብ፣ ቡናም ሆነ ጫት የለም፣ ወዲያ ወዲህ ማለትም የለም። ልጅሽን ማጥባት ግን ትችያለሽ። 2 ሰዓት ሲሞላ ደም እንደገና ይወሰዳል፣ አለቀ።

ግሉኮሱ ከሌለ የባዶ ሆድ ምርመራው ብቻውንም ቢሆን ከምንም ይሻላል። የ3 ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ ግን በወሊድ ደም ከፈሰሰ በኋላ ሊያሳስት ስለሚችል በዚህ ጊዜ አይመረጥም።

ውጤቱ በባዶ ሆድ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ነው፤ ምልክት የሌለባት ሴት ግን ለማረጋገጥ በድጋሚ ትመረመራለች። የ2 ሰዓቱ ከ140 እስከ 199 ከሆነ ድንበር ላይ ነሽ ማለት ነው። አብሽሪ፣ የሚሠራ ነገር አለ፦ በአሜሪካ በተደረገው ትልቁ የስኳር በሽታ መከላከል ጥናት፣ በእርግዝና ስኳር የነበረባቸው ሴቶች ክብደት በመቀነስና በመንቀሳቀስ አደጋውን በግማሽ ያህል ቀንሰዋል። ማጥባትም ያግዛል። ገንፎውን ማንም አይከለክልሽም፤ መጀመሪያ የሚቀነሰው አጥሚቱ ውስጥ የሚገባው ማርና የሻዩ ስኳር ነው።

ውጤቱ ደህና ቢሆንም ምርመራው በየ1 እስከ 3 ዓመቱ ይደገማል። እንደገና ካረገዝሽ ደግሞ ስኳሩ ሊመለስ ስለሚችል የተለመደው የስኳር ምርመራ እስከሚደረግበት 24ኛው ሳምንት አትጠብቂ፤ በመጀመሪያው የክትትል ቀን ተናገሪ። ቀጣዩን ቀን በልጁ የክትባት ካርድ ጀርባ ላይ አስጽፊው፤ ከቤቱ ወረቀት ሁሉ የማይጠፋው እሱ ነው።