የአክቲቬሽን ኢነርጂው ቁጥር ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ይህ ጽሑፍ የሪአክሽን ፍጥነትን ከሙቀት መጠን ጋር የሚያገናኘውን የአሬኒየስን ቀመር ለሚያውቅ፣ የሬት ኮንስታንቱን (የፍጥነቱን መለኪያ ቁጥር) ናቹራል ሎጋሪዝም ከሙቀት መጠን ግልባጭ ጋር በግራፍ አስቀምጦ ስሎፑን (የመስመሩን ተዳፋት) በ−8.314 በማባዛት አክቲቬሽን ኢነርጂውን፣ ማለትም ሪአክሽኑ እንዲካሄድ የሚያስፈልገውን ትንሹን ኢነርጂ፣ ማውጣት ለለመደ ሰው ነው። ቁጥሩ ሲበላሽ ብዙ ተማሪ ሪግሬሽኑን (በነጥቦቹ መካከል መስመር የሚያሳልፈውን ስሌት) ይወቅሳል፤ ሪግሬሽን ግን የተሰጠውን ነው የሚመልሰው። በደብረ ብርሃን ደጋግሜ ያየሁት ጥፋት ከሙቀት መጠኑ አምድ የሚመጣ ነው።

ምልክት፦ ውጤቱ 1 ኪሎ ጁል በሞል እንኳ አይሞላም። መንስኤው ሴልሺየስን ወደ ኬልቪን ሳይቀይሩ መገልበጥ ነው። እውነተኛ ኢነርጂው 50 ኪሎ ጁል የሆነ ሪአክሽን በ25፣ 35፣ 45 እና 55 ዲግሪ ተለክቶ በዚህ ስህተት ቢሰላ 0.7 ገደማ ይወጣል፤ አር ስኩዌሩ (ነጥቦቹ ለመስመሩ ያላቸው ቅርበት፤ 1 ሲሆን ፍጹም ነው) ግን 0.96 ስለሚሆን ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ይታለላል። ነጥቦቹን በዓይኑ ቢያይ ኖሮ መጉበጣቸው ይነግረው ነበር። 273.15 ደምሮ እንደገና ማስላት ነው።

ምልክት፦ ውጤቱ ከሚጠበቀው 2.3 እጥፍ ያነሰ ነው። በ10 መሠረት የተሰላ ሎጋሪዝም ገብቷል።

ምልክት፦ በላይኛው ምሳሌ ስሎፑ ፖዘቲቭ ሆኖ ወደ 0.6 የተጠጋ ነው። በኤክሴል ስካተር ሳይሆን ላይን የሚባለው ቻርት ተመርጧል፤ እርሱ አግድሙን 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቆጥራል እንጂ ያስገባችሁትን ቁጥር አይመለከትም።

ምልክት፦ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ አር ስኩዌሩ 0.99 ነው፣ ኢነርጂው ግን ከሚታወቀው ይርቃል። ሰውን የሚያደክመው ይህ ነው። በሶዲየም ታዮሰልፌትና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሙከራ፣ በጠዋት ብርድ ከመደርደሪያ የወረደው አሲድ ብልቃጡ እጅ እስኪያደነዝዝ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ዋተር ባዙ (ቱቦው የሚሞቅበት የውሃ ገንዳ) 55 ስላሳየ ብቻ 55 ተብሎ ይመዘገባል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግን ገና 50 ላይ ነው። ዝቅተኛው ነጥብ 15 ዲግሪ ላይ በትክክል ተለክቶ ከሆነ 50 ኪሎ ጁል የነበረው ወደ 44 ይወርዳል፤ ስህተቱ ከሙቀቱ ጋር አብሮ ስለሚያድግ ነጥቦቹ ከመስመራቸው ብዙም አይወጡም። ሁለቱን ፈሳሾች ለየብቻ በባዙ ውስጥ አሙቋቸው፣ ቴርሞሜትሩን ቱቦው ውስጥ ክተቱት፣ መጀመሪያና መጨረሻ አንብባችሁ አማካዩን ውሰዱ። ባዙ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አትመኑ።

ከዚህ የባሰ አይቻለሁ። አንድ ቡድን ቴርሞሜትሩን በሚፈላ ውሃ ሲፈትሽ 91 አነበበና መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ በንባቡ ሁሉ ላይ 9 ዲግሪ ደመረ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ቢወርዱ 96 ገደማ ያነቡ ነበር። ጤነኛውን ቴርሞሜትር «አርመው» 50 ኪሎ ጁሉን 53 አደረጉት፤ መስመሩም እንደ ክር ቀጥ ብሎ ቀረ። ቴርሞሜትር የሚፈተሸው ከፍታ በማይለውጠው በሚቀልጥ በረዶ ነው፤ በፈላ ውሃ ከሆነ ግን የቦታው የመፍያ ነጥብ መታወቅ አለበት። ቁጥሩ የተፋቀበትን ርካሽ ቴርሞሜትር ግን ሳትፈትሹ ጣሉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ የታዮሰልፌትና የአሲድ ሪአክሽን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከ55 ዲግሪ አታሳልፉት። ብርዱን ፈርታችሁ መስኮት አትዝጉ። አስም ያለበት ሰው ከቱቦው ይራቅ። በቴርሞሜትር አታማስሉ።

አልፎ አልፎ መስመሩ በከፍተኛው ሙቀት በኩል ይሰበራል፤ ሪአክሽኑ መንገድ ቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን ክፍል በአንድ መስመር አታስገድዱ።

በሬት ኮንስታንቱ ፋንታ ሪአክሽኑ የፈጀውን ጊዜ ግልባጭ የተጠቀመ ሰው፣ በሁሉም ነጥቦች ላይ ኮንሰንትሬሽኑን (የፈሳሾቹን ጥንካሬ) እኩል እስከጠበቀ ድረስ ስሎፑ አይጎዳበትም፤ ከኢንተርሴፕቱ (መስመሩ ቋሚውን ዘንግ ከሚቆርጥበት ነጥብ) የሚያወጣው ቁጥር ግን የአሬኒየስ ኮንስታንት አይደለምና በሪፖርቱ ውስጥ አይጻፈው።