የድሮ የአሜሪካ ካንትሪና ጎስፔል (መንፈሳዊ መዝሙር) ሸክላ ድሬዳዋ ላይ ለሚያሰባስብ

ሸክላ ከመግዛታችሁ በፊት ደብተር ያዙ። አንድ ቅጂ (አንዴ የተቀረጸ ዘፈን) በብዙ ዳግም እትሞች ላይ ስለሚወጣ፣ ርዕስ ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ለአንድ ዕቃ ሁለቴ ይከፍላል። የተቀረጸበትን ቦታና ዓመት፣ ካለም የማትሪክስ ቁጥሩን (እያንዳንዱ ቅጂ የሚለይበትን የፋብሪካ ቁጥር) ጻፉ። የካንትሪ ዘፋኞቹ ካርተር ፋሚሊ በ1927 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ብሪስቶል ከተማ ላይ መቅረጽ ጀመሩ፤ በ1935 ደግሞ ብዙዎቹን ዘፈኖቻቸውን እንደገና ቀረጹ። ርዕሱ ያው፣ ቅጂው ግን ሌላ ነው።

ለጀማሪ ሸክላ ሰብሳቢው ሃሪ ስሚዝ መርጦ የሸክላ ኩባንያው ፎክዌይስ በ1952 ያሳተመው የ84 ቅጂዎች ስብስብ ይሻላል፤ ጎስፔሉም እዚያው አለ።

በዳግም እትም ላይ የጥንቱ ሸክላ ሹክሹክታ ጭራሽ ካልተሰማ ተጠራጠሩ። ጫጫታውን ሲያጠፉ የቫዮሊኑንም ጥራት አብረው ወስደውታል ማለት ነው። እኛ ትንሽ የሚንጫጫውን እንመርጣለን።

ዳግም እትሞቹ በደቂቃ በ33 ዙር በተራ መርፌ ይጫወታሉ። ኦሪጅናሉ ባለ 78 ዙር ሸክላ ግን 75 ማይክሮን ያህል ስፋት ያለው መርፌ ይፈልጋል፤ ቀጭኑ መርፌ የቦዩን (ድምፁ የተቀረጸበትን መስመር) ታች እየፋቀ ጫጫታ ያበዛል።

ዋናው ጠላት የድሬ ሙቀት ነው። ሸክላ በቁም ይደርደር እንጂ አይነባበር፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥርና ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ይራቅ። ወደ ሐረር ስትወስዱት በጠዋት ውጡ፣ ሚኒባሱ መስታወት ሥር አታስቀምጡት። አንዴ ከተጣመመ፣ በመስታወት መሀል አድርጎ ፀሐይ ላይ ማቃናት ቦዩን ያበላሸዋል።