ለዓድዋ በዓል እራት
የካቲት 23 እንግዳ ለምትጠሩ፦ የምግብ ዝርዝራችሁን ከጦርነቱ ሳይሆን ከጠቡ መነሻ ጀምሩት። በ1881 ከጣሊያን ጋር በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መገናኘቷ በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነበር። እናንተም ሁለት ዓይነት ካርድ ጻፉ፤ አንዱ «ፓስታ መብላት ይቻላል»፣ ሌላው «ፓስታ መብላት ግዴታ ነው» ይበል። ቀላቅላችሁ አድሉና ክርክሩን ስሙ!

ከዚያ የዘማቹን ስንቅ አቅርቡ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ቀኑ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል ቋንጣውን ተዉት፤ በሶውን በማር በጥብጡት፣ ፓስታውንም በቲማቲም ስልስ ሥሩት። የመጠጥ ውሃ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ እቴጌ ጣይቱ በመቀሌው ምሽግ ጣሊያኖችን ውሃ ያስከለከሉበትን ዘዴ ለማስታወስ ነው (ልጆች ካሉ ግን ይቅር)።