ራሳችሁ የገጣጠማችሁት ኮምፒውተር አልነሳ ሲላችሁ እነዚህን አታድርጉ

ባለፈው አንድ ልጅ ከሐይቅ ደሴ ድረስ ኬዙን ታቅፎ በሚኒባስ መጣ። ራሱ የገጠመው ነው፣ ፋኑ ይዞራል ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። «ጋሼ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ) ተቃጥሏል ብለውኛል፣ ሌላ ልገዛ ነው» አለኝ። አብሽር፣ ሳንለይማ አንገዛም አልኩት። ሁለቱንም ራም (የጊዜያዊ ማስታወሻ ካርድ) ነቀልኩ፣ ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ ቀስ ብዬ ጠረግኩና አንዱን ብቻ መልሼ ቀጭ እስኪል ተጫንኩት። ተነሳ! ልጁ ደስ አለው፣ እኔ ግን ተናደድኩ፣ ምክንያቱም በዚህ ወር ብቻ ይሄ ሦስተኛዬ ነው።

እባካችሁ ሳትለዩ «ማዘርቦርድ ነው» አትበሉ። ማዘርቦርድ መጠርጠር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። ሃርድ ዲስኩን ንቀሉ፣ ፕሮሰሰሩ (ዋናው አሳቢ ቺፕ) የራሱ ግራፊክስ ካለው ምስል ወደ ስክሪኑ የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርድም አውጡት፣ አንድ ራም ብቻ አስቀርታችሁ አስነሱት፣ ከተነሳ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ የቱ ላይ እንደሚቆም እዩ። ቦርዱ ስፒከር ካለው ደግሞ ራሙን ጨርሳችሁ አውጡና አብሩት፣ ከጮኸ ቦርዱም ፕሮሰሰሩም ይሠራሉ ማለት ነው። ሦስት ነገር ባንዴ የሚቀይር ሰው ቢሠራለት እንኳ ችግሩ ምን እንደነበረ አያውቅም፣ ብሩንም ያለአግባብ ያወጣል፣ ያ ነው የሚያንገበግበኝ።

ፋኑ ስለዞረ ፓወር ሰፕላዩ (መብራት ተቀብሎ ለውስጡ ዕቃ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ደህና ነው ማለትም ስህተት ነው። መብራት ሄድ መጣ ሲል መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። ማሽኑ በርቶ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ጥቁር ጫፍ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣው ጥቁር ገመድ ላይ፣ ቀዩን ጫፍ ቢጫው ገመድ ላይ አድርጉ፣ 12 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት፣ ከ11.4 ከወረደ ቀይሩት። ውስጡን ግን አትክፈቱ፣ ከሶኬት ተነቅሎም ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዘው ካፓሲተር ይመታል።

ፕሮሰሰሩ አጠገብ የምትሰካዋን ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድ አትርሱ። ግራፊክስ ካርድ እያለ የስክሪኑን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ አትሰኩ። ሰዓቱ ባጠፋችሁት ቁጥር ወደኋላ ከተመለሰ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 የምትባል ክብ ባትሪ ቀይሩ፣ አለቀ።

እኔ ራሴ የሠራሁትን ስህተትም ልንገራችሁ። በጠዋት፣ በደሴ ብርድ፣ የደንበኛ ኤኤም4 ራይዘን (ፒኖቹ ከራሱ ከፕሮሰሰሩ ሥር ያሉ ዓይነት) ላይ ያለውን ኩለር፣ ማለትም ማቀዝቀዣውን፣ ቀጥ አድርጌ ወደላይ ሳብኩት። በሁለቱ መካከል የሚቀባው ፔስት ደርቆ ስለያዘው፣ ቦርዱ ላይ ያለው የፕሮሰሰሩ መሰኪያ እንደተቆለፈ ፕሮሰሰሩ ተነቅሎ ከኩለሩ ጋር መጣ። ገልብጬ ሳየው አራት ፒን ተጣሟል። በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ሳቃና ዋልኩ፣ የሰው ንብረት ነውና እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ ማሽኑ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ አስር ደቂቃ ይሥራና ፔስቱ ይላላ፣ ከዛ አጥፍታችሁ ገመዱን ንቀሉ፣ ኩለሩን ግራ ቀኝ ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያደረጋችሁ አላቁት እንጂ አትሳቡት። ኮምቦልቻ ያላችሁ ሙቀቱ ያግዛችኋል፣ ደሴ ግን በተለይ በብርዱ ጊዜ ፔስቱ እንደ ሙጫ ነው የሚይዘው።